ሟች ሚስቱን ስለሚያናግረው ሰውና ስለ ቤተ መጻሕፍታችን ምድር ቤት

ለክቡር አቶ ኤይለርት ሃውክነስ
የስትራንዴ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር

እጅግ የተከበሩ ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ ለጣሪያዎም ይህን የማያባራ የጥቅምት ዝናብ የሚችልበት ብርታት እንዲሰጥልኝ ከልብ እመኛለሁ። በአገራችን ሰው ሰውን «እርስዎ» ማለት ከተወ ብዙ ዘመን እንደሆነው አውቃለሁ፤ ሐኪሙንም፣ ቄሱንም፣ ከንቲባውንም «አንተ» እንላለን፣ ማንም አይቀየምም። እኔ ግን ለእርስዎ ስል ይህን ቃል ከአያቶቻችን ሣጥን አውጥቼ አቧራውን አራግፌዋለሁ፤ ይህን ያህል ርቀት ተጠብቆ ሊነገርለት የሚገባ ሌላ ሰው በከተማችን አላገኘሁምና።

ስሜ ጉንቮር ስሌተን ይባላል፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት ነው። ከወደቡ ከፍ ብሎ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌዎችን ሳጥብ፣ ሳበላና ሲያኮርፉም ሳባብል ኖሬአለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በኮሌጅዎ የሥነ ልቦና የትርፍ ሰዓት ተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር ለይቼዋለሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ምን ፍለጋ ወደ ደጅዎ እንደመጣሁ ባልነግርዎ የምስጋናዬ ክብደት በቅጡ አይገባዎትም።

በምሠራበት ቤት አንፊን የሚባል የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት አለ። በሥራ ዘመኑ የጀልባ ሞተር ይጠግን ነበር፤ ዛሬም ሲጨብጡት የያዘዎት መፍቻ እንጂ እጅ አይመስልም። ሚስቱ ዳግኒ ከሞተች ስምንት ዓመት አልፏል። አንፊን ምሳ ሲበላ ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ማንም እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ፊቱን ወደ ወንበሩ ያዞርና «ዳግኒ፣ ዛሬም ድንቹን አላበሰሉትም» ይላል። ወይም «ያ ኡልፍ ጀልባውን እንደገና ቀባት፤ አረንጓዴ! ዓይን የለውም ሰውዬው» ይላል። መልስ አይጠብቅም። ራሱን ነቅንቆ ዓሣውን መብላቱን ይቀጥላል።

ይህ ነገር አብራው የምትበላ አንዲትን ሴት አስፈራት፤ ልጇም አቤቱታ ጻፈች። ከዚያ የቤቱ ኃላፊ ቪግዲስ ጠራችኝና አንፊን ባሕሩን ተሻግሮ ወዳለው የተዘጋ ክፍል፣ ማለትም አእምሯቸው የደከመ ሰዎች በቁልፍ ወደሚጠበቁበት ቤት ሊዛወር እንደታሰበ ነገረችኝ።

«ቪግዲስ፣ ሰውዬው እኮ አላበደም» አልኳት።

«ከሞተች ስምንት ዓመት የሆናትን ሴት ያናግራል፣ ጉንቮር።»

«እኔም መኪናዬን አናግራለሁ።»

«መኪናሽ አልሞተችም።»

«ክረምት ላይ ብታያት እንዲህ አትይም ነበር።»

ቪግዲስ ክፉ ሰው አይደለችም። ሳቋን ዋጥ አደረገችና «አንቺ የሚሰማሽን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሐኪሙ ግን ስሜት አይቀበልም። ስብሰባው የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ነው። ተማሪ ነኝ ትዪ የለ? ማስረጃ አምጪ» አለችኝ። እኔም የወሰነ ትምህርቴን ጽሑፍ በዚሁ ጉዳይ ላይ ላደርገው ቆርጬ፣ ኮቴን ደርቤ፣ ወደ እርስዎ ቤተ መጻሕፍት መጣሁ። እነሆ ምስጋናዎቼ።

፩. በመግቢያው በስተግራ የነበረውን የመረጃ ጠረጴዛ፣ ከኋላው ይቀመጥ ከነበረው ሰው ጋር ስላስወገዱልን አመሰግናለሁ። ሰውን ፊት ለፊት መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያስጨንቀን የተረዳልን አስተዳደር ስላለን ዕድለኞች ነን። በቦታው የተተከለው ስክሪን ትሑት ነው፤ ገና ኮቴን ሳላወልቅ «የዛሬው ጉብኝትዎ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁን እየገባሁ መሆኑን የምነግርበት ቦታ ስላልነበረው ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ፊቶች ያኮረፈውን ተጫንኩ። «ስለተደሰቱ ደስ ብሎናል» አለኝ። እንዲህ ያለ በጎ አመለካከት ከሰው አይገኝም።

፪. ለአዲሱ የፍለጋ ማሽንም ምስጋናዬ ይድረስዎ። «ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሚስቱን ለምን ያናግራል» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ውጤት ቀረበልኝ። የመጀመሪያው ጌታው ስለሞተበት ውሻ ነበር። ሁለተኛው ባልና ሚስት መኪና ውስጥ ለምን እንደሚጨቃጨቁ ያጠናል። ሦስተኛው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሙታንን መንፈስ ስለ መጥራት የተጻፈ ነበር፤ ይህን ለቪግዲስ ባቀርብላት ኖሮ ከአንፊን ጋር እኔንም ባሕሩን ታሻግረኝ ነበር። አራተኛው ግን፣ ክቡር ዳይሬክተር፣ ርእሱ ልክ እኔ የምፈልገው ነበር። ፈጥኜ ተጫንኩት። የይለፍ ቃሌ ጊዜው እንዳለፈበት ተነገረኝ። ለመለወጥ አሮጌውን አስገቢ አለኝ፤ አሮጌውን ባስገባ ጊዜው ያለፈበት ቃል አልቀበልም አለኝ። ቀጥሎ ሰው መሆኔን እንዳስመሰክር ድልድይ ያለባቸውን ሥዕሎች እንድመርጥ ጠየቀኝ። እኛ በጀልባ የምንሻገር ሰዎች ድልድይ የምናውቀው በምርጫ ሰሞን ብቻ እንደሆነ ዘንግቶ ይሆናል፤ ቢሆንም መረጥኩ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና «ኮሌጅዎ ይህን ጽሑፍ የማንበብ ፈቃድ የለውም» የሚል አንድ መስመር ወጣ። ለዚች አንዲት መስመር ያን ሁሉ ደጅ ማስጠናት በእውነቱ ጽሑፉን የማክበር ምልክት ነው።

፫. ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ጥራዞች ይቀመጡበት የነበረውን ስፍራ አጽድተው «የሐሳብ ወደብ» ብለው ስለሰየሙልን አመሰግናለሁ። ወደብ ላይ ተወልጄ እንዳደግሁ ሰው ወደብ የማውቀው ዕቃ ሲጫንበትና ሲራገፍበት ነው፤ በእርስዎ ወደብ የሚራገፈው ተማሪው ብቻ መሆኑ አዲስ አሠራር ነው። ጥራዞቹ የት እንደሄዱ የሚጠቁም ነገር ፈልጌ ሲደክመኝ ከእነዚያ የአሸዋ ከረጢት ከሚመስሉት መቀመጫዎች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለት እንኳ አይገልጸውም፤ ዋጠኝ። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተገናኘ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ከወንበር ሳነሣ የኖርኩት ሴት ራሴን ማንሣት አቃተኝ። የእጅ ኳስ ተጫዋች የሆኑ ሁለት ሴት ተማሪዎች መጥተው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው በግራና በቀኝ ጎትተው አወጡኝ፤ «ጎበዝ!» ብለውም አጨበጨቡልኝ። እኔም በሥራዬ ላይ ሽማግሌዎቹን ባነሣሁ ቁጥር የምለው ይህንኑ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ትቼዋለሁ። ይህ ከቤተ መጻሕፍትዎ ያገኘሁት የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ዕውቀት ስለሆነ ለብቻው ሊመዘገብ ይገባል።

፬. ለኢሜይሎቼ ስለሰጡኝ ፈጣን ምላሽ። በአሥር ቀን ስድስት ላክሁ፤ ስድስቱም ደቂቃ ሳይሞላቸው «ጥያቄዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል መልስ አመጡልኝ። ሰባተኛውን በስምዎ ለራስዎ ላክሁት፤ እርስዎም በደግነት «የሥነ ልቦና ምንጮች በአሥር ቀላል ደረጃዎች» የተባለውን መመሪያ ሰጡኝ። ግሩም መመሪያ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት ደረጃዎች ስለ መረጋጋት ናቸው። አራተኛው «የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎን ያነጋግሩ» ይላል፤ ሲጫኑት ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመልስዎታል። አምስተኛው የሚከፈተው አራተኛውን ለፈጸመ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ዞርኩት። በሦስተኛው ዙር በጣም ተረጋግቼ ነበር።

እኔ በመመሪያዎ ዙሪያ ስሽከረከር ሳምንት ከግማሽ አለፈ፤ የአንፊን ስም በስብሰባው ዝርዝር ላይ ተጽፎ በቢሮው ሰሌዳ ተለጠፈ። ካልሲውን ሳጠልቅለት «ሊወስዱኝ ነው አሉ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«የወጥ ቤት ሰዎች። እነሱ የማያውቁት የለም።» ሌላውን እግሩን ዘረጋልኝና «እዚያ ማዶ መስኮቱ የሚያየው ተራራውን ነው። ዳግኒ ደግሞ ተራራ አትወድም» አለኝ።

ብርድ ነው፣ ሹራብህን ደርብ ብዬው ወጣሁ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ያን ዕለት የምናደድበት ሰው ፈልጌ ነበር፤ እርስዎን ማግኘት ስለማይቻል በራሴ ተናደድኩ።

፭. የመጸዳጃ ቤቱን ምልክት ገልብጠው ስለሰቀሉልን ያለኝ ምስጋና ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ይህንንም ያለ አንዳች ተንኮል እጽፈዋለሁ። ስብሰባው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቀስቱን ተከትዬ ደረጃውን ወረድኩ። የብስክሌት ማቆሚያውን አልፌ፣ የማሞቂያውን ክፍል አልፌ፣ «የሚወገዱ ዕቃዎች» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን በር ከፈትኩ። ውስጡ እስከ ጣሪያ በተቆለለ ጥራዝ ተሞልቷል። በቁልሎቹ መካከል ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ በአንድ እጇ ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦ፣ በሌላው የመጻሕፍትን መለያ ቁጥር የሚያነብ መሣሪያ የያዘች ሴት ተቀምጣለች።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

«መጸዳጃ ቤት።»

«በግራ ሁለተኛው በር። ምልክቱን ገልብጠው ነው የሰቀሉት፤ በቀን አራት አምስት ሰው ይወርድልኛል። ሌላ ጠያቂ ስለሌለኝ እኔም አልነገርኳቸውም። ሌላስ ምን ጠፋብሽ?»

«ሌላማ… ሁሉም ነገር» አልኩ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ።

«በይ መጀመሪያ ደርሰሽ ነዪ» አለችኝ። «ስትመለሺ ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ።»

ይህች ሴት ቱሪድ አስከላንድ ትባላለች። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ አንባቢ ግን ላያውቅ ስለሚችል ልንገር፦ በዚህ ኮሌጅ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠራች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። ጠረጴዛው ከተነሣ ወዲህ ሥራዋ ተፈጭተው ወረቀት የሚሆኑትን ጥራዞች አንድ በአንድ ከመዝገብ መሰረዝ ነው። በወጣትነቷ በእጇ ያስገባቻቸውን አሁን በእጇ ታስወጣለች። ማን እንዳዘዛት በትሕትና አልጠቅስም።

ለማሽኑ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ስነግራት ዳቦዋ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች።

«ይሄ እኮ ለጎረቤት የሚነገር ነው! ማሽኑ ጎረቤትሽ አይደለም፤ ወሬ አይገባውም፣ ቃል ብቻ ነው የሚለቅመው። በይ ንገሪኝ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ስንት ነገር አለ?»

«አንድ። አንፊን።»

«አንፊንን ተይው፤ ስለ አንፊን የጻፈ ሰው የለም። አንፊን ምንድን ነው?»

«ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። ያናግራታል።»

«አየሽ፣ ሦስት ነው።» በአንድ የማስወገጃ ቅጽ ጀርባ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረችና፣ ለእያንዳንዱ ነገር ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበትን ስም ከሥነ ልቦና ቃላት መዝገብ እያወጣን ጻፍን። እኔ በደፈናው «ሐዘን» የምለውን እነሱ ለሁለት እንደሚከፍሉት ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሰው የሞተበት መሆን ሌላ፣ በዚያ ሳቢያ የሚሰማው ስሜት ሌላ። እኔ «ማናገር» የምለውን «ከሟች ጋር የሚቀጥል ትስስር» ይሉታል። ይህን ስም ሳነብ ክፍሉ ትንሽ የሞቀ መሰለኝ፤ ማሞቂያው አጠገብ መሆናችን ሳይረዳኝ አልቀረም።

ቱሪድ ቃላቱን በየዓምዳቸው አስገባች። በሌሎች ተመራማሪዎች ተመርምረው ያለፉትን ብቻ እንዲያስቀር ማሽኑን አዘዘችው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺው አራት መቶ ሆነ። የዕድሜ ገደብ ጨመረች፤ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ከዚያ የየአንዳንዱን አጭር መግለጫ አብረን አነበብንና ዘጠኝ አስቀረን። ያ ኮሌጅዎ ፈቃድ የለውም የተባልኩት ጽሑፍም ከዘጠኙ አንዱ ነበር። ቱሪድ ለሌላ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባዋ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ሐሙስ ጠዋት ደረሰልኝ። ለካ መጠየቅ ይቻል ኖሯል!

«አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እንሂድ» አለች። «መጨረሻቸው ላይ ማንን እንደጠቀሱ እዪ።» ከዘጠኙ አምስቱ አንድ የቆየ ጥናት ይጠቅሳሉ፤ በኮምፒውተራችን ግን አልነበረም። ቱሪድ ወገቧን ይዛ ተነሣች፤ ወደ ሦስተኛው ቁልል ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ ያለ ምንም ፍለጋ አንድ ግራጫ ጥራዝ መዘዘች። ጀርባው ላይ ቀይ ምልክት ተለጥፎበታል።

«አርብ ሊሄድ ነበር» አለች።

በዚያ ጥራዝ ውስጥ የትዳር ጓደኛቸው ከሞተባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሟቹን እንደሚሰሙ፣ አጠገባቸው እንዳለ እንደሚሰማቸው፣ እንደሚያናግሩትም፤ አብዛኞቹም ይህን ለማንም ተናግረው እንደማያውቁ ተጽፏል። ቱሪድን ላቅፋት ተነሣሁ። እሷ ግን እጄ ላይ ሌላ ጽሑፍ አኖረች። ይህኛው እንዲህ ያለው ነገር አንዳንዴ የአእምሮ መድከም መጀመሪያ እንደሚሆን ይናገራል።

«ይሄ አይጠቅመኝም» አልኳት።

«ለዚህ እኮ ነው የምሰጥሽ። የሚስማማሽን ብቻ ከለቀምሽ ጥናት አይባልም፣ ለሠርግ ዘፈን መምረጥ ነው። ሐኪሙ ይሄን አንብቦት ቢሆንስ? አንቺ ሳታነቢው ፊቱ ልትቀመጪ ነው?»

አኩርፌ ወሰድኩት። ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ በንዴት አነበብኩት። በአራተኛው ገጽ ላይ ንዴቴ ቆመ። ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ሰውየው ሟቹ መሞቱን ያውቃል ወይ? የሚል። ክቡር ዳይሬክተር፣ ስለ አንፊን አቤቱታ ተጽፏል፣ መዝገብ ተከፍቷል፣ ስብሰባ ተጠርቷል፤ እኔም ልሟገትለት ቃል ገብቻለሁ። ይህን አንድ ጥያቄ ግን አንፊንን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን አልጠየቅሁትም። ለምን እንዳልጠየቅሁት ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ፣ ሳሕኑን ሳነሣለት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አንፊን፣ ዳግኒ የት ናት?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ናታ፣ ከአባቷ ጎን። ቀብሯ ላይ አንቺም ነበርሽ፤ ያንን አስቀያሚ ኮፍያ አድርገሽ። ምነው ልጄ፣ መርሳት ጀመርሽ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ታናግራታለህ?»

«ሃምሳ አንድ ዓመት አንድ ወሬ አስጨርሳኝ አታውቅም። ተራ ያገኘሁት አሁን ነው!» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን በዚያ መፍቻ እጁ ነካ አድርጎ ቀስ ብሎ «ደግሞ ለእሷ ካልነገርኳት ቀኑ የነበረ አይመስለኝም» አለኝ።

ሳሕኑን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና ብዙ ጊዜ አጠብኩት።

በሐሙሱ ስብሰባ ዘጠኙን ጽሑፎች፣ ግራጫውን ጥራዝና ያን አኩርፌ የወሰድኩትንም ጭምር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያነሣው የመጨረሻውን ነው። «ይህንንም አምጥተሻል?» አለኝ፣ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ። «አምጥቻለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ በሌላ ድምፅ ነው ያነጋገረኝ። አንፊንንም አስጠርቶ ራሱ ጠየቀው። ነገሩ እንደ ተረት አላለቀም፤ አንፊን ወሩን ሲጠየቅ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፣ በጸደይ እንደገና ይመረመራል። ያቺ አብራው ትበላ የነበረችው ሴትም አሁንም ትፈራዋለች፤ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ማዕድ ተዛውራ እዚያ ደስ ብሏታል። አንፊን ግን አልሄደም። ባሕሩን በሚያየው መስኮት ሥር ሁለት ወንበር ያለው ትንሽ ጠረጴዛ ተሰጥቶታል።

ቪግዲስ ስንወጣ «ይሄን ሁሉ ከየት አገኘሽው?» አለችኝ።

«ከማሞቂያው ክፍል አጠገብ» አልኳት።

፮. አሁን ወደ መጨረሻው ምስጋናዬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ጥራዙን ልመልስ ስወርድ ቱሪድ የእርስዎን ደብዳቤ አሳየችኝ። ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ የሥራ መደቧ እንደሚታጠፍ፣ ምክንያቱም «ተማሪዎች የባለሙያ እርዳታ መጠየቅ ማቆማቸው በመረጃ የተረጋገጠ በመሆኑ» እንደሆነ ይገልጻል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደ አንድ ጀማሪ የሥነ ልቦና ተማሪ ለጥናት ዘዴዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ንፉግነት ነው። ጠረጴዛውን አንሥቶ ወደ ጠረጴዛው የመጡትን መቁጠር፣ ባለሙያዋን ምድር ቤት አስገብቶ በሩ ላይ «የሚወገዱ ዕቃዎች» ብሎ መለጠፍ፣ ከዚያ ጠያቂ ጠፋ ብሎ መደምደም፤ ይህ ጥናት በሌሎች ተመራማሪዎች ተመርምሮ ያለፈ ከሆነ ስማቸውን ባውቅ ደስ ይለኛል። ቢያንስ መጸዳጃ ቤት ፈላጊዎቹ በቁጥሩ ውስጥ መግባት አለመግባታቸው ሊብራራ ይገባ ነበር።

ቱሪድ ራሷ «እስከዚያ ድረስ ሰባት ቁልል ይቀረኛል» ብላ መሣሪያዋን አነሣች። ለእሷ እንድጽፍላት አልጠየቀችኝም፤ መጻፌንም አታውቅም።

፯. አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንዲት ቱሪድ፤ ሦስቱም ከምድር በላይ፣ በመግቢያው በስተግራ። ልመናዬ ይህ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የአንድ መቶ አርባ ሦስት ተማሪዎች፣ የሁለቱ የእጅ ኳስ ተጫዋቾችና በቤታችን የሚኖሩ የሃያ ሰባት አረጋውያን ፊርማ ተያይዟል። አንፊን ሁለት ጊዜ ፈርሟል፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለሚስቱ። ቆጠራው ትክክል እንዲሆን ስል ሁለተኛውን ሰርዤዋለሁ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም ለሚመለከታት አስተላልፋለሁ ብሎኛል።

ጊዜዎን ስለሰዋሁ፣ ከሥራዎ ስላዘናጋሁዎ፣ ምናልባትም ይህን ጋዜጣ ቁርስዎ ላይ ከዘረጉት የእንቁላልዎን ጣዕም ስላጠፋሁብዎ በትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፤ ከሥልጣን መሰላሉ ጫፍ ሆነው በእኛ ላይ የዘረጉት ጥላ ከዝናብ ባያስጥለንም እንኳ ሳይታጠፍ እንዲኖር እየተመኘሁ፤ ለከፍተኛ ቢሮዎ፣ ለቢሮዎ በር፣ በሩም ላይ ሁልጊዜ ለሚበራው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ለሚለው ጽሑፍ ሳይቀር ተገቢውን አክብሮት አቀርባለሁ።

የማያቋርጥ አድናቂዎ፣
ጉንቮር ስሌተን
የሥነ ልቦና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ስትራንዴ

ማስታወሻ፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ፣ ስለማላውቀው ሰው ይህን ያህል መጻፌ ከጥናት ሥርዓት ውጪ ሆኖ ስለተሰማኝ በስምዎ ፍለጋ አደረግሁ። ቱሪድ ባሳየችኝ መንገድ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት በዚሁ ኮሌጅ ያቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለሚቀጥለው ወር መፈጨት ከተመደቡት መካከል ተገኘ። ገጽ ሦስት ላይ ያለውን ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ሁለት ክረምት ሙሉ ከጎኔ ተቀምጣ እንዴት እንደሚፈለግ ያስተማረችኝን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋን ቱሪድ አስከላንድን ነው፤ ያለ እሷ አንድም ምንጭ ባላገኘሁ ነበር።» ጥራዙን በስሜ ስለተዋስኩት ለጊዜው አይፈጭም። ቱሪድን ታስታውሰው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «አዎ፣ ጎበዝ ልጅ ነበር» አለችኝ።